ከ«ይቻላቸዋል» እስከ «ፈቃደኛ»፦ የአንጎል ምስል ጥናትን ለወጣቶች የማስረዳት ቃላት ታሪክ

ለሳይንስና ለቴክኖሎጂ ጽንሰ ሐሳቦች የአማርኛ አቻ የመፈለጉ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩረው በመሣሪያዎች፣ በአካላትና በሂደቶች ስያሜ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ ከተቋቋመበት ጊዜ አንሥቶ፣ ኋላም በኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚነት ከተደራጀ በኋላ፣ በ1989 ዓ.ም. የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት እስከ ታተመበት ድረስ በእጅጉ የተደከመበት ጉዳይ ይኸው ነበር። ይሁን እንጂ አንድን ጥናት ለሚሳተፍበት ሰው፣ ይልቁንም ለወጣት፣ በቃል ማስረዳት ሲያስፈልግ እክል የሚፈጥሩት ቃላት ሌሎች ሆነው ይገኛሉ። በዚህ ጽሑፍ የአንጎልን ምስል በማንሣት የሚካሄድ ጥናትን ምሳሌ አድርገን፣ ለማስረዳቱ የሚያስፈልጉትን ጥቂት ቃላት ታሪክ እንመለከታለን። አድማጫችን በደቡብ ወሎ፣ በሐይቅ ወይም በውጫሌ ከተማ የሚማር፣ ዕድሜው ከ14 እስከ 17 ዓመት የሆነ ወጣት ነው እንበል። ይህን አገር የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። የፈቃድ ቃል በትርጉም ሲዛባ ምን እንደሚያስከትል ከአምባሰል ይበልጥ የሚመሰክር ስፍራ በአገራችን ማግኘት ያስቸግራል።

1. የውጫሌው ግስ

በአምባሰል፣ በውጫሌ አጠገብ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣልያ መንግሥት መካከል ውል መፈረሙ ይታወቃል። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በሁለቱ ቋንቋዎች አንድ አልነበረም። የአማርኛው ቅጅ፣ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መጠቀም «ይቻላቸዋል» ሲል፣ የኢጣልያንኛው ቅጅ በዚያው ስፍራ «ኮንሴንቴ» የሚል ግስ አስገባ፤ ፍቹም «ይስማማሉ፣ ይፈቅዳሉ» ማለት ነው። በአማርኛው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ጉዳይ በገጠማቸው ቁጥር ይፈልጉ ወይም አይፈልጉ እንደ ሆነ ራሳቸው ይወስናሉ። በኢጣልያንኛው ግን አንድ ጊዜ ተስማምተዋልና ፈቃዳቸው ለሁልጊዜው እንደ ተሰጠ ይቆጠራል። የኢጣልያ መንግሥት ይህን ይዞ በ1882 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ኢትዮጵያ በጥበቃው ሥር እንደ ሆነች ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀ። ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ፤ ነገሩም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ለየለትና በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው ውል የውጫሌው ተሻረ።

ይህ ታሪክ ለተርጓሚ የሚተወው ትምህርት፣ ስምምነት በሁለት መልክ ሊነገር እንደሚችል ነው። አንደኛው እየቀጠለ የሚሄድ የመምረጥ ችሎታ ሲሆን፣ ሁለተኛው ተፈጽሞ የተዘጋ ድርጊት ነው። በጥናት ቅጽ ላይ «ለመሳተፍ ተስማምቻለሁ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ብቻውን ሲቆም ከኢጣልያንኛው ግስ ወገን ይሆናል፤ ፈራሚውን ያስረዋል። «በፈለግህ ጊዜ መተው ትችላለህ» የሚለው ግን ከአማርኛው «ይቻላቸዋል» ወገን ነው። በምርምር ሥነ ምግባር ተቀባይነት ያለውም ይኸው ሁለተኛው ነው። በ1947 እ.ኤ.አ. የወጣው የኑረምበርግ ደንብ ከዘረዘራቸው ነጥቦች አንዱ ተሳታፊው ሙከራውን አቋርጦ የመውጣት ነፃነት ሊኖረው ይገባል የሚል ሲሆን፣ በ1964 እ.ኤ.አ. የጸደቀውም የሄልሲንኪ መግለጫ ይህንኑ መብት ይጠብቃል።

2. ሐይቅ፦ ንባብና ትርጓሜ

ከውጫሌ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው የሐይቅ ከተማ ስሟ ራሱ ለመዝገበ ቃላት ሠራተኛ ትምህርት አለው። «ሐይቅ» በግእዝ የባሕር ዳርቻ ነው፤ በአማርኛ ግን የተኛው ውኃ ራሱ ሆኗል። ቃሉ አንድ ፊደል ሳይለውጥ ከዳር ወደ መሐል ገባ ማለት ነው። ሌሎች ቃላትም እንዲሁ ፊደላቸውን ይዘው ፍቻቸውን እንደሚያዛውሩ ወደ ፊት እናያለን።

በ13ኛው ምዕተ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ በደብረ ሐይቅ እስጢፋኖስ ያቋቋሙት ትምህርት ቤት ብዙ ሊቃውንት የወጡበት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1280/81 የተጻፈው ወንጌላቸውም የገዳሙን የመጻሕፍት ሀብት ያስታውሳል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ንባብና ትርጓሜ ሁለት የተለያዩ ጉባኤያት ናቸው፤ ንባቡን የዘለቀ ሁሉ ምሥጢሩን ያወቀ ተብሎ አይቆጠርም። በወሎ የእስልምና ትምህርት ቤቶችም ደረሳው የዐረብኛውን ኪታብ ያነባል፤ ሼሁ በአገሩ ቋንቋ ይፈቱለታል። እንደ ሼህ ጦልሃ ጀዕፈር ያሉ ሊቃውንት አማርኛን በዐረብኛ ፊደል የጻፉትም ትምህርቱ ከሕዝቡ ጆሮ እንዲደርስ በማሰብ ነው። እንግዲህ የአካባቢው ወጣት፣ የየትኛውም ሃይማኖት ልጅ ቢሆን፣ የተነበበ ነገር መፈታት እንዳለበት ከአያቶቹ የወረሰ ነው። የጥናት ቅጽ ግን ብዙውን ጊዜ ንባብ ብቻ ሆኖ ይቀርባል። ልጁም በታላላቆቹ ፊት «እሺ» ይላል። «እሺ» በእንዲህ ያለው ጊዜ መስማትንና አክብሮትን ይገልጻል እንጂ መረዳትንም ሆነ መስማማትን አያረጋግጥም።

3. የመሣሪያውና የአካሉ ስም

ራጅ የተባለው ቃል ከኢጣልያንኛ የመጣ ሲሆን፣ ሮንትገን እ.ኤ.አ. በ1895 ያገኘውን ጨረር ይመለከታል። በ1971 ለመጀመሪያ ጊዜ በሕመምተኛ ላይ የተሠራበት ሲቲ ስካን የራጅ ጨረርን ስለሚጠቀም የራጅ ዘመድ ነው ቢባል ስሕተት የለበትም። በ1977 የሰውን አካል ምስል ለመጀመሪያ ጊዜ ያስገኘው ኤም አር አይ ግን በኃይለኛ ማግኔትና በራዲዮ ሞገድ አማካይነት በሰውነት ውኃ ውስጥ ካለው ሃይድሮጅን ምልክት የሚቀበል መሣሪያ ስለሆነ ከራጅ ጨረር ጋር ግንኙነት የለውም። ስለዚህ «ራጅ ትነሣለህ» ብሎ ማቃለል ልጁን በሌለ ነገር ያስፈራዋል፤ ሊጠነቀቅ የሚገባውን ደግሞ ይሰውርበታል። ዋናው ጥንቃቄ ከብረታ ብረት ነው። የማግኔቱ ኃይል ከመሬት ማግኔታዊ ኃይል በብዙ አሥር ሺሕ እጥፍ ስለሚበልጥ ጉትቻ፣ አምባር፣ አልቦ፣ የአንገት መስቀል፣ በብረት የታሸገ ክታብ ሁሉ መውለቅ አለበት። ማተብና ክታብ ማውለቅ ለባለቤቱ ቀላል ነገር እንዳልሆነ የሚያውቅ አስረጅ፣ የሚከለከለው ብረቱ እንጂ ክሩ አለመሆኑን አስቀድሞ ይናገራል። «ኤም አር አይ» የፊደላት ስም በመሆኑ ለጆሮ ምንም አይገልጽም፤ ነገር ግን አያሳስትም። ገላጭ ሆኖ ከሚያሳስት ስያሜ ይልቅ ይህ ይሻላል።

የአካሉ ስም ይበልጥ ያስቸግራል። አማርኛ ጭንቅላት፣ ናላ፣ አንጎልና አእምሮ የሚሉ ቃላት አሉት። «ናላ» በግእዝ የአካሉ ስም ሲሆን፣ በዛሬው አማርኛ ይበልጥ የሚሰማው «ናላዬ ዞረ» በሚለው ዐይነት አነጋገር ነው። «አእምሮ» «አእመረ» ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ በመሆኑ መነሻ ፍቹ ማወቅ ነው፤ በእጅ የሚዳሰስ፣ በመሣሪያ የሚታይ አካል አይደለም። አንዳንድ ተርጓሚዎች አእምሮና አንጎልን እያለዋወጡ ይጠቀማሉ። «የአእምሮህን ምስል እናነሣለን» የተባለ ልጅ ግን ሁለት ነገር ሊረዳ ይችላል፤ ወይ ሐሳቡን ሊያነቡ ነው፣ ወይ የአእምሮ ሕመምተኛ ነው ብለው ጠርጥረውታል። ሁለተኛው በትምህርት ቤቱና በሠፈሩ ስም ሊያሰጠው ይችላል። ይህ ስጋት ከሐሳብ ብቻ የመነጨ አይደለም። በወላይታ በእግር እብጠት ላይ ከተደረገው ምርምር ጋር በተያያዘ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተሙ ጽሑፎች፣ በሽታው በዘር ይተላለፋል የሚለው ማብራሪያ ቤተሰብን ለመገለል ያጋልጣል የሚል ፍርሃት እንዳለ አሳይተዋል። ስለሆነም ለአካሉ «አንጎል» የሚለው ብቻ ሊሠራበት ይገባል። በምስሉ ላይ ቀለም ለብሶ የሚታየውም ስፍራ በደም ውስጥ ያለው የኦክስጅን ለውጥ በስሌት የተመለከተበት እንጂ ሐሳብ አለመሆኑን መግለጽ ያስፈልጋል።

4. ጥናት፣ ምርምርና ምርመራ

«ምርመራ» እና «ምርምር» ከ«መረመረ» የወጡ ሁለት ስሞች ናቸው። የመጀመሪያው ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ፤ ሁለተኛው ወደ ሊቃውንቱ። ልጁ «ምርመራ» ሲባል ደም መስጠትንና ውጤት መቀበልን ያስባል፤ እናቱም ሕመም ካለ ይገኝለታል፣ መድኃኒትም ይሰጠዋል ብላ ትጠብቃለች። «ጥናት» ቢባል ደግሞ ለተማሪ ጥናት ማለት ለፈተና መዘጋጀት ነው። ከሦስቱ «ምርምር» የተሻለ ነው፤ እርሱም ቢሆን «ሕክምና አይደለም» የሚል አጭር ዓረፍተ ነገር ካልተከተለው በቂ አይሆንም። ሆኖም አጥኚዎቹ ሳይፈልጉት በምስሉ ላይ የሕመም ምልክት ሊያገኙ ስለሚችሉ፣ ያን ጊዜ ለማን እንደሚነገር አስቀድሞ መገለጽ አለበት። ይህን «ያልታሰበ ግኝት» ብንለው ሐሳቡን በሚገባ ይሸከማል።

5. ፈቃድ

ከሁሉ የሚከብደው ቃል ይህ ነው። «ፈቀደ» በግእዝ ፈለገ፣ ወደደ ማለት ነው፤ የራስ ልብ ሥራ ነው። በአማርኛ ግን ይበልጥ የሚሠራው በተሠልጣኝነት ነው፤ አለቃ ይፈቅዳል፣ ሠራተኛ ይፈቀድለታል። የመንጃ ፈቃድ፣ የንግድ ፈቃድና የዓመት ፈቃድ ሁሉ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ናቸው። እንዲህ ባለው ቋንቋ ያደገ ልጅ «ፈቃድህን እንጠይቃለን» ሲባል የተለመደው አቅጣጫ ይገለበጥበታል። ይህ መገለበጥ መልካም ነው፤ ነገር ግን ማብራሪያ ይሻል።

በወሎ ደግሞ «ፈቃደኛ» የራሱ ታሪክ አለው። በ1977ና በ1978 ዓ.ም. ከድርቁ በኋላ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሲሰፍር አብዛኛው የወሎ ሰው ነበር። መንግሥት ሰፈራውን በፈቃደኝነት የሚካሄድ ነው ይለው ነበር፤ ብዙዎች ግን ተገደው መወሰዳቸው ተመዝግቧል። በዚያው ዘመን ስምን ማስመዝገብ እህል ማግኛም ነበር። ይህን ያዩ አያቶች ዛሬም በሕይወት አሉ። ለልጅ ልጃቸው «ፈቃደኛ ሆኖ ይመዝገብ» የሚል ወረቀት ሲመጣ የሚሰሙት ቃል ተርጓሚው የጻፈው ላይሆን ይችላል።

አሁን የተለመደው «በጎ ፈቃደኛ» የሚለው ስያሜም ሌላ ችግር አለበት። ደም ለሚለግስና አረጋዊ ለሚረዳ ተገቢ ነው፤ በምርምር ላይ ግን መሳተፍን በጎነት ካልነው አለመሳተፍ ምን ሊባል ነው? ልጁ እምቢ ለማለት በጎ አለመሆንን መቀበል ይኖርበታል። ስለዚህ በምርምር ቅጽ ላይ «ተሳታፊ» ማለቱ ይበቃል።

ከ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ጀምሮ 18 ዓመት ያልሞላው አካለ መጠን ያላደረሰ ይባላል፤ ስለ እርሱ ወላጅ ወይም ሞግዚት ይወስናል። የምርምር ሥነ ምግባር ግን ከወላጁ ፈቃድ ሌላ የልጁንም መስማማት ይጠይቃል። ለሁለቱ አንድ ቃል ብንጠቀም የልጁ ድርሻ በወላጁ ውስጥ ይጠፋል። እኛ ለወላጅ «ፈቃድ»፣ ለልጁ «ውዴታ» እንዲባል ሐሳብ እናቀርባለን። «ውዴታ» የሕዝብ ቃል ነው፤ ተቃራኒውም «ግዴታ» መሆኑን ሁሉ ያውቃል። «በውዴታ እንጂ በግዴታ አይደለም» የተባለ ልጅ ሌላ ፍች አያሻውም።

6. ለማስረዳት የቀረበ ናሙና

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ወደ 12,000 የሚጠጉ ልጆችን አንጎል እድገት በሚከታተለው ጥናት፣ ልጆቹ ወደ መሣሪያው ከመግባታቸው በፊት በማስመሰያ መሣሪያ ይለማመዳሉ። ቃልም እንዲሁ ልምምድ ያስፈልገዋል። ከላይ ከተመለከትነው በመነሣት የሚከተለውን አዘጋጅተናል፤ ለሴት ልጅ በአንቺ፣ ለወላጆች በአክብሮት ቃል ይነገራል።

«ይህ ምርምር ነው፤ ሕክምና አይደለም። የብዙ ወጣቶችን አንጎል እያነጻጸርን እድገቱን ለማወቅ እንፈልጋለን። በዚህ ምስል ሐሳብህ አይነበብም። መሣሪያው ትልቅ ማግኔት ነው፤ እንደ ራጅ ያለ ጨረር የለውም። ውስጡ ጠባብ ነው፣ በኃይል ይጮኻል፣ ሳትንቀሳቀስ መተኛት አለብህ። ከፈራህ ወይም ከሰለቸህ በእጅህ ያለውን መጥሪያ ተጫን፤ እናወጣሃለን። ወላጆችህ ቢፈቅዱም አንተ ካልወደድህ አይደረግም። ዛሬ ብትስማማ ነገ መተው ትችላለህ፤ ብትተው ማንም አይቆጣህም፣ በትምህርትህም በሕክምናህም የሚቀርብህ ነገር የለም። አሁን የነገርንህን በራስህ አነጋገር መልሰህ ንገረን።»

በዚህ ናሙና ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ቃል «ትችላለህ» ነው። ቅጹ ከውጭ ቋንቋ ወደ አማርኛ ሲመለስ፣ ከአማርኛም ወደ ውጭ ቋንቋ ሲገመገም፣ ይህ ግስ በሁለቱም ወገን በቦታው መኖሩን ማረጋገጥ የተርጓሚው የመጀመሪያ ሥራ ሊሆን ይገባል እንላለን። የአምባሰል ሰው ያ ግስ ከአንዱ ቅጅ ሲጎድል ዋጋው ምን ያህል እንደ ሆነ ያውቃል።