ሦስት ደቂቃ ፊልምና አንድ ምኩራብ



ታሪክ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የነገሥታትና የጦርነት ነገር ነው። እኔ ዛሬ የማካፍላችሁ ግን አንድ አባወራ ለጉብኝት በሄደበት ያነሣው የሦስት ደቂቃ ያህል ፊልም ታሪክ ነው። ዓመታቱን የጻፍኳቸው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ናሼልስክ ከዋርሶ በስተሰሜን የምትገኝ ትንሽ የፖላንድ ከተማ ናት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት 3,000 ያህል አይሁድ ይኖሩባት ነበር። ምኩራቡ የጸሎት ቤት ብቻ ሳይሆን ሰው የሚገናኝበት፣ ወሬ የሚሰማበት፣ የማን ልጅ ማን እንደሆነ የሚታወቅበት ቦታም ነበር። እንደኛው የደብር ወይም የመስጊድ ደጅ ማለት ነው።

ዴቪድ ኩርትዝ በዚህች ከተማ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የሄደ ሰው ነው። በኦገስት 1938 ከባለቤቱና ከወዳጆቻቸው ጋር አውሮፓን ሲጎበኝ ወደ ናሼልስክ ጎራ አለ። በእጁ ባለ 16 ሚሊ ሜትር ካሜራ ይዞ ነበር። ልጆች ካሜራው ፊት ለመታየት ይጋፋሉ፤ ሴቶች ቆመው ያያሉ፤ ሰው ከምኩራቡ በር እየተግተለተለ ይወጣል። በሩ ላይ የተቀረጸው የይሁዳ አንበሳ ነው፤ ለእኛም እንግዳ ያልሆነ ምልክት።

በዓመቱ የናዚ ጦር ፖላንድን ወረረ። ዲሴምበር 3 ቀን 1939 የናሼልስክ አይሁድ ከየቤታቸው ተነድተው በባቡር ተጋዙ። ከ3,000ው ውስጥ ጦርነቱ ሲያበቃ በሕይወት የተገኙት 100 አይሞሉም።

ፊልሙ ግን አሜሪካ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። በ2009 የዴቪድ የልጅ ልጅ፣ ጸሐፊው ግሌን ኩርትዝ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ከወላጆቹ ቤት አገኘው። ፊልሙ ተኮማትሮና እርስ በርሱ ተጣብቆ ስለነበር በማሳያ መሣሪያ ማየት አይቻልም ነበር። ግሌን ለዋሽንግተኑ የሆሎኮስት መታሰቢያ ሙዚየም ሰጠው። ባለሙያዎች በጥንቃቄ አላቀው፣ እያንዳንዷን ምስል ለየብቻ ወደ ዲጂታል ገለበጧት። ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ የሚተርፍ አልነበረም።

እህቶቼ፣ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ከዚህ በኋላ የሆነውን ነው። ማሽኑ ፊት መለሰ እንጂ ስም አልመለሰም። ሙዚየሙ ፊልሙን ለሕዝብ ካሳየ በኋላ አንዲት አሜሪካዊት ከልጆቹ መካከል አያቷን አየች። እኚህ ሰው፣ ሞሪስ ቻንድለር፣ ያን ጊዜ የ13 ዓመት ልጅ ነበሩ። ከጦርነቱ የተረፉት አይሁድነታቸውን ደብቀው፣ ፖላንዳዊ መስለው በመኖር ነው። ፊልሙን ሲያዩ ዕድሜያቸው ከ80 አልፎ ነበር። ጓደኞቻቸውን በስም ጠሩ፤ ልጆቹ የደፉት ቆብ እንኳ ማን ከምን ዓይነት ቤተሰብ እንደመጣ እንደሚናገር አስረዱ።

ግሌን ይህን ሁሉ በ2014 በመጽሐፍ አወጣው። በ2021 ደግሞ ሆላንዳዊቷ ቢያንካ ስቲግተር ከዚያችው ሦስት ደቂቃ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚሄድ ዘጋቢ ፊልም ሠራች። ያም ሆኖ በምስሉ ላይ ከሚታዩት ከ150 በላይ ሰዎች በስም የታወቁት 11 ብቻ ናቸው። የቀሩት ፊታቸው ጥርት ብሎ እየታየ ስማቸውን የሚያውቅ ጠፋ።

እኛም በየቤታችን የሠርግ፣ የልደት፣ የማኅበር ካሴት አለን። ካሴት ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው ይበላሻል፤ ማጫወቻውም ከገበያ እየጠፋ ነው። የድሮ የፊልም ጥቅል ያላችሁ ደግሞ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ከሸተታችሁ መበላሸት ጀምሯልና ሳታጫውቱት ለባለሙያ አሳዩ። ደጋፊዎቻችንም ካሴቶቹን የምንገለብጥበትን መሣሪያ ብትገዙልን የብዙ ቤት ታሪክ ይተርፋል።

መገልበጡ ግን የሥራው ግማሽ ነው። የቀረው ግማሽ እናቶቻችንን ቁጭ አድርጎ፣ ቡና አፍልቶ፣ «ይቺ ማን ናት? ያ የማን ልጅ ነው?» እያሉ መጻፍ ነው። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ነገር ግን ቀን አይሰጥም። በሚቀጥለው ስብሰባችን እያንዳንዳችን አንድ ካሴት ወይም አንድ ፎቶ፣ ከቻልንም ስሙን የሚያውቁ አንዲት እናት ይዘን እንምጣ።