ሬቴጊ፤ ባለ አሥራ አንድ ቆብ

የእጅ ኳስ ሲባል ለአገራችን አንባቢ ቶሎ የሚታየው ሰባት ሰባት ሆነው ወደ ጎል የሚወረውሩት ጨዋታ ነው። የባስኮች የእጅ ኳስ ግን ሌላ ነው። በሰሜን ስፔንና በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ በሚኖረው በዚህ ሕዝብ ዘንድ፣ ሁለት ተጫዋቾች ከረጅም ግድግዳ ፊት ቆመው፣ በቆዳ የተለበጠች፣ ክብደቷ ከመቶ ግራም ጥቂት ከፍ የሚል ጠጣር ኳስ በመዳፋቸው ይለጋሉ። ለእጃቸው መከታ የሚሆነው ፕላስተርና ስስ ስፖንጅ ብቻ ነው። ቀድሞ 22 ነጥብ የደረሰ ያሸንፋል። ሽልማቱም «ቻፔላ» የሚሉት ሰፊ ክብ ቆብ ነው። በቋንቋቸው ሻምፒዮን «ቻፔልዱን» ይባላል፤ ባለ ቆብ ማለት ነው።

ከባለ ቆቦቹ ሁሉ በቁጥር የሚቀድመው ሁሊያን ሬቴጊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ኤራትሱን በምትባል የናቫራ ተራራማ መንደር ተወለደ። አጎቱ ሁዋን ኢግናሲዮ ቀደም ብሎ ሻምፒዮን ሆኖ ነበርና አጎትየው «ሬቴጊ አንደኛ»፣ እሱ «ሬቴጊ ሁለተኛ» ተባሉ። አጠራሩ የነገሥታት ቢመስልም፣ በባስኮች ዘንድ ሙያው ከዘመድ ወደ ዘመድ መተላለፉን የሚያሳይ የቆየ ልማድ ነው። ሬቴጊ ከ1980 እስከ 1988 የነጠላውን ሻምፒዮና ለዘጠኝ ዓመት በተከታታይ ወሰደ። በ1990 እና በ1993 ሁለት ጨምሮ 11 አደረሰው። ጨዋታ ያቆመው በ2001 ነው።

ዘመኑም አግዞታል። ጄኔራል ፍራንኮ በ1975 እስኪሞት ድረስ የባስክ ቋንቋ ከትምህርት ቤትና ከመሥሪያ ቤት ተገፍቶ ኖሯል። በ1982 መጨረሻ የባስክ ቴሌቪዥን ሥርጭት ሲጀምር፣ የመንደሩ ግድግዳ ጨዋታ በየቤቱ ገባ፤ የዘመኑም ባለ ቆብ ሬቴጊ ነበር።

ዳሩ ግን ዝና በቆብ ብዛት ብቻ ይለካልን? በ1904 በአዝኮይቲያ የተወለደው ማሪያኖ ሁዋሪስቲ፣ በጨዋታ ስሙ «አታኖ ሦስተኛ»፣ ከ1920ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ሚጌል ጋያስቴጊ በ1948 እስኪያሸንፈው ድረስ ቀዳሚነቱን ይዞ ቆይቷል። የቆቦቹ ቁጥር ግን አራት ብቻ ነው። ምክንያቱም ይፋ ሻምፒዮና የተጀመረው በ1940 ሲሆን፣ ያኔም የሚካሄደው ሁለት ሁለት ዓመት እየቆየ ነበር። ከዚያ በፊት ማዕረጉ የሚገኘው ባለ ማዕረጉን በግጥሚያ በመርታት ነው። ስለዚህ 11ን ከ4 ጋር አስተያይቶ አንዱን ከሌላው ማሳነስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። አታኖ ገና ሥርዓት ባልያዘ ዘመን ለሃያ ዓመት ያህል አልተደፈረም፤ በሳን ሴባስቲያን ከተማ የመጫወቻ አዳራሽ በስሙ ይጠራል። ሬቴጊ ደግሞ ማዕረጉን በየዓመቱ ለተፎካካሪ እያቀረበ፣ የሚያብጥ መዳፉን እያስታመመ ዘጠኝ ጊዜ በተከታታይ ወሰደው።

ከባስኮች ምድር ውጭ ስሙን የሚያውቅ ጥቂት ነው። በዚያ ግን የአሥራ አንዱን ቆብ ቁጥር የደረሰበት እስከ ዛሬ አልተገኘም።