የኢትዮጵያ ጦር ኃይሎች ጠቅላይ ኤታማዦር ሹም

ጠቅላይ ኤታማዦር ሹም በኢትዮጵያ መከላከያ ሠራዊት ከፍተኛው ወታደራዊ ሹመት ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትሩን የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ አድርጎ ይሰይማል፤ የመከላከያ ሚኒስትሩም ሲቪል እንዲሆን ያዝዛል። በመሆኑም የደንብ ልብስ ከለበሱት ሁሉ የበላይ ኤታማዦር ሹሙ ነው።

አመጣጥ

የሹመቱ ሐረግ ከየት ይመዘዝ በሚለው ላይ ሁለት አቆጣጠሮች ይታያሉ። አንደኛው ዳግማዊ ምኒልክ በጥቅምት 1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር ካደረጓቸው ከፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ይነሣል። ሠራዊቱም በቅርብ ዓመታት የሠራዊት ቀኑን ጥቅምት 15 ማክበሩ ይህን አቆጣጠር ያጠናክራል። ሀብተ ጊዮርጊስ በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ጦርነት ተማርከው ምኒልክ ቤት የገቡ ሰው ሲሆኑ፣ የፊታውራሪነቱን ማዕረግ ያገኙት ፊታውራሪ ገበየሁ አድዋ ላይ ከወደቁ በኋላ ነው። በጥቅምት 1909 ዓ.ም. በሰገሌ የሸዋን ጦር መርተው የወሎውን ንጉሥ ሚካኤልን ድል አደረጉ፤ በ1919 ዓ.ም. እስኪያርፉም የጦር ሚኒስትር ነበሩ። ሆኖም ያዘዙት ጦር በአብዛኛው በየመኳንንቱ ስር የሚከት እንጂ በአንድ መምሪያ የሚታዘዝ አልነበረም።

ሁለተኛው አቆጣጠር ሹመቱን ከዘመናዊው የጦር መምሪያ ጋር ያያይዘዋል። ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ ሠራዊቱን መጀመሪያ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን፣ ከ1945ቱ ስምምነት ወዲህ ደግሞ የአሜሪካ አማካሪዎች አሠለጠኑት። በዚሁ ዘመን፣ በ1940ዎቹ መጨረሻ፣ የክብር ዘበኛ አዛዥ የነበሩት ሜጀር ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹም ሆኑ። ብዙም ሳይቆዩ ወደ ሲቪል ሚኒስትርነት ተዛወሩ፤ ምክንያቱ በወታደሩ ዘንድ መወደዳቸው ያሳደረው ሥጋት ሳይሆን አይቀርም ይባላል።

የታኅሣሥ 1953 ግርግር

በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሳምንት ሁለት ኤታማዦር ሹሞች ነበሩ ማለት ይቻላል። በክብር ዘበኛ አዛዡ በብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና በወንድማቸው በገርማሜ የተመሩት መፈንቅለ መንግሥት አድራጊዎች ልዑል ራስ እምሩን ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ሙሉጌታ ቡሊን ደግሞ ኤታማዦር ሹም አድርገው በሬዲዮ አወጁ። በሥራ ላይ የነበሩት ኤታማዦር ሹም ሜጀር ጄኔራል መርዕድ መንገሻ ግን ከምድር ጦር አዛዡ ከከበደ ገብሬ ጋር ሆነው ጦሩን ከንጉሠ ነገሥቱ ጎን አሰለፉ። አዋጁ ለሙሉጌታ አንድም ሻለቃ አላመጣላቸውም። በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ከታገቱት ባለሥልጣናት ጋር ተገደሉ። መርዕድ በኋላ የመከላከያ ሚኒስትር ሲሆኑ ከበደ ገብሬ ኤታማዦር ሹም ሆኑ፤ ቀጥሎም በኮንጎ የተባበሩት መንግሥታትን ጦር አዘዙ።

አብዮትና ደርግ

ሰኔ 1966 ዓ.ም. ሌተናል ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም በወታደሮቹ ኮሚቴ በደርግ ግፊት ኤታማዦር ሹም ሆኑ፤ በወሩ ገደማ የመከላከያ ሚኒስትር፣ መስከረም ላይ የደርጉ ሊቀ መንበር ሆነው ታዩ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ቤታቸው ተከብቦ ተገደሉ። በዚያው ሌሊት ከተረሸኑት ባለሥልጣናት መካከል ሁለት የቀድሞ ኤታማዦር ሹሞች፣ ከበደ ገብሬና አሰፋ አየነ፣ ይገኙበታል።

ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. የአገሪቱ መሪ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ወደ ምሥራቅ ጀርመን እንደበረሩ ኤታማዦር ሹሙ ሜጀር ጄኔራል መርዕድ ንጉሤ ከሌሎች ጄኔራሎች ጋር መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ሙከራው ሲከሽፍ ራሳቸውን ገደሉ። የተኳቸው ሌተናል ጄኔራል አዲስ ተድላ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሲገባ ጣሊያን ኤምባሲ ተጠለሉ፤ ሠላሳ ዓመት ገደማም እዚያው ኖሩ።

ከ1983 ወዲህ

ጻድቃን ገብረ ተንሳይ በኢትዮ-ኤርትራ ጦርነት ወቅት ቦታውን ይዘው በ1993 ዓ.ም. ተነሡ። ሳሞራ የኑስ እስከ 2010 ዓ.ም. አሥራ ሰባት ዓመት ያህል ቆዩ። የተኳቸው ሰዓረ መኮንን ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. መኖሪያ ቤታቸው ውስጥ ተገደሉ፤ በምትካቸው አደም መሐመድ ተሾሙ። ብርሃኑ ጁላ ጥቅምት 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ተሾሙ።

ማዕረግ

ሹመቱን የያዙ መኮንኖች ማዕረግ ከሜጀር ጄኔራል እስከ ሙሉ ጄኔራል ይደርስ ነበር። ብርሃኑ ጁላ በ2014 ዓ.ም. ፊልድ ማርሻል ሆነዋል፤ ከዚያ ቀደም ማዕረጉ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር የተያያዘ ነበር።