ከአዳራሹ በፊት የነበረው ኦርኬስትራ

ኦርኬስትራዎች በየዓመቱ የኮንሰርት ወራት ከመጀመሩ በፊት አንዲት ወረቀት አትመው ያወጣሉ። በወረቀቷ ላይ በየትኛው ቀን ምን ዓይነት ሙዚቃ እንደሚቀርብ፣ መሪው ማን እንደ ሆነ፣ ለወራቱ በሙሉ አስቀድሞ የሚመዘገብ ሰው ስንት እንደሚከፍል ተዘርዝሮ ይገኛል። ላይ ላዩን ለሚያያት ሰው ከማስታወቂያ የምትለይ አትመስልም። ታሪኳን ለሚመረምር ግን ወረቀቷ ውል ናት፤ ገና ላልተሰማ ድምፅ ከወዲሁ ገንዘቡን የሚያወጣ ሕዝብና ገና ያላጠናውን ሙዚቃ ሊያሰማ ቃል የሚገባ የሙዚቃ ጓድ የሚተሳሰሩባት ውል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ውል በአንዲት የንግድ ከተማ እንዴት እንደ ጸና ማስረዳት ነው። ከተማዪቱ በጀርመን አገር በሳክሶኒ ግዛት የምትገኘው ላይፕሲግ ናት። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጉዳዩ በመሐንዲሶች መጽሔት ላይ መነሣቱ እንግዳ ሊመስል ይችል ይሆናል። ሆኖም ስለ ኦርኬስትራ ሲወራ አስቀድሞ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው አዳራሹ ነው፤ ጣሪያው፣ መድረኩ፣ የወንበሩ ብዛት። እኛም በሙያችን የምንጠየቀው ይህንኑ ነው። የላይፕሲግ ታሪክ ግን ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ያሳየናል።

በ18ኛው ምዕተ ዓመት የአውሮፓ የሙዚቃ ጓዶች አብዛኛውን ጊዜ የሚተዳደሩት በቤተ መንግሥት ወይም በቤተ ክርስቲያን ነበር። መስፍኑ ደመወዝ ይከፍላል፤ ሙዚቀኛውም መስፍኑ ባሻው ሰዓት ይጫወታል። የሳክሶኒ ገዥ መቀመጫ ድሬስደን ስለ ነበረ ላይፕሲግ ቤተ መንግሥት አልነበራትም። የነበራት ከብዙ አገር ነጋዴ የሚሰበሰብበት ትልቅ ገበያ፣ ዩኒቨርሲቲና የታወቁ አብያተ ክርስቲያናት ነው። ከ1729 ጀምሮ ዮሃን ሴባስቲያን ባኽ፣ ቀደም ሲል ቴሌማን ያቋቋመውን የተማሪዎች የሙዚቃ ማኅበር እየመራ በአንድ ቡና ቤት ሙዚቃ ያሰማ ነበር። እንግዲህ ከተማዪቱ ጆሮዋ የለመደ ነበረች፤ የጎደላት ወጪውን የሚሸከም ባለቤት ነው።

ይህ ባለቤት በመጋቢት ወር 1743 ተገኘ። ከመኳንንትና ከነጋዴዎች የተውጣጡ 16 ሰዎች ተሰብስበው «ታላቁ ኮንሰርት» የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። እያንዳንዱ አባል በዓመት 20 ታለር፣ ማለትም ከእኛው ማርያ ቴሬዛ ጋር በስም የሚዛመደውን ገንዘብ፣ በየሩብ ዓመቱ ከፋፍሎ ለመክፈል ተስማማ። የተመረጡት ሙዚቀኞችም ቁጥራቸው 16 ነበር። መጀመሪያ የተጫወቱት በግለሰብ መኖሪያ ቤት ሲሆን፣ በ1744 «ሦስቱ ይብራዎች» ወደሚባል የእንግዳ ማረፊያ ተዛወሩ። ከ1756 እስከ 1763 በቆየው የሰባት ዓመት ጦርነት ኮንሰርቱ ተቋረጠ፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ዮሃን አዳም ሂለር የሚባል ሙዚቀኛ መልሶ አቋቋመው። የራሱን አዳራሽ እስኪያገኝ ድረስ 38 ዓመት አለፈ።

ይህን አሠራር ለመረዳት ለእኛ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። እድር በየወሩ መዋጮ የሚሰበስበው ሐዘን በደረሰ ጊዜ አይደለም፤ አስቀድሞ ነው። አባሉ መቼ እንደሚደርስበት ለማያውቀው ነገር ዛሬ ይከፍላል፤ ጎረቤቱም እንደዚሁ እንደሚያደርግ ያምናል። ድንኳኑ፣ ወንበሩና ድስቱ የሚገዙት ከዚህ መተማመን በኋላ ነው። መዋጮ ሳይኖር ድንኳን ብቻ የገዛ ሰፈር እድር አለው አይባልም። የላይፕሲግ ነጋዴዎችም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ የእነርሱ መዋጮ ለሙዚቃ መዋሉ ነው።

አስቀድሞ መክፈል ከገንዘብነቱ ሌላ ሥራ አለው። የወራቱ ገቢ ከታወቀ ስንት ሙዚቀኛ መቅጠር እንደሚቻል ይታወቃል። ሙዚቀኛውም እንጀራው ለወራት መረጋገጡን ሲያውቅ ከሌሎቹ ጋር ተስማምቶ ለመጫወት የሚያስፈልገውን ረጅም ልምምድ ያደርጋል። የላይፕሲግ የኮንሰርት ወራት የሚከፈተው ከእኛ መስቀል ጋር በሚቀራረበው በቅዱስ ሚካኤል በዓላቸው ሰሞን ሲሆን፣ በየሐሙሱ ምሽት እየቀጠለ እስከ ፋሲካ ይደርስ ነበር። ቀኑና ሰዓቱ የማይናወጥ በመሆኑ ኮንሰርቱ እንደ ገበያ ቀን በከተማዪቱ ኑሮ ውስጥ ገባ።

አዳራሹ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በከንቲባው በካርል ቪልሄልም ሙለር አሳሳቢነት የጨርቅ ነጋዴዎች ቤት፣ በጀርመንኛ «ጌቫንድሃውስ» የሚባለው ሕንፃ፣ የላይኛው ክፍል በአርክቴክቱ በዳውተ ዕቅድ ወደ ኮንሰርት አዳራሽነት ተለወጠ። በኅዳር ወር 1781 ተመረቀ። 500 ያህል ሰው የሚይዝ፣ ውስጡ በእንጨት የተለበጠ፣ ረዘም ብሎ ጠበብ ያለ ክፍል ነበር። ኦርኬስትራው እስከ ዛሬ የሚጠራው በዚሁ በጨርቅ ነጋዴዎች ቤት ስም ነው።

የወራቱ ጽናት ለሙዚቃው የሰጠውን ጥቅም ሁለት ምሳሌዎች ይገልጡታል። በ1811 የቤትሆቨን አምስተኛው የፒያኖ ኮንቸርቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የተሰማው በዚህ አዳራሽ ነው። በ1835 የኦርኬስትራው መሪ የሆነው ፌሊክስ ሜንደልሶን ደግሞ በሕይወት ያሉትን ደራስያን ብቻ ሳይሆን ያለፉትንም በዕቅድ እያፈራረቀ ማሰማት ጀመረ። ሹበርት በ1828 ሲሞት ትቶት ያለፈውን ትልቁን ሲምፎኒ ሹማን ቪየና ውስጥ አገኘው፤ ሜንደልሶንም በ1839 ላይፕሲግ ላይ አሰማው። ደራሲው በሞተ በ11 ዓመቱ መሆኑ ነው። ረጅምና አስቸጋሪ የሆነውን ይህን ሥራ ለማሰማት በትኬት ሽያጭ ዕድል ላይ ያልተንጠለጠለ ጓድና መሪውን አምኖ የሚመጣ አድማጭ ያስፈልግ ነበር። ሁለቱንም ያስገኘው ውሉ ነው።

አድማጩ እየበዛ ሲሄድ በማርቲን ግሮፒየስና በሃይኖ ሽሚደን ዕቅድ 1,500 ያህል ወንበር ያለው ሁለተኛ ጌቫንድሃውስ ተሠርቶ በ1884 ተመረቀ። የሙያችን ድርሻ ጎልቶ የሚታየው ከዚህ ላይ ነው። በአሜሪካ የቦስተን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ አዲስ አዳራሽ ለመሥራት ሲነሣ ለአብነት የመረጠው ይህንኑ የላይፕሲግን ሕንፃ ነበር፤ ነገር ግን ለ2,600 ያህል ሰው እንዲበቃ አስፍቶ መሥራት ፈለገ። ምክር የተጠየቀው የሐርቫርድ የፊዚክስ መምህር ዋላስ ሳቢን ነው። ሳቢን ከ1895 ጀምሮ ድምፅ ከ5 ሰከንድ በላይ እያስተጋባ ንግግር የማይሰማበትን አንድ የዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍል ሲመረምር ቆይቷል። ሌሊት ሌሊት ጸጥታ ሲሰፍን የወንበር ትራሶች እያስገባና እያስወጣ፣ የኦርጋን ቧንቧ እያስጮኸ፣ ድምፁ እስኪጠፋ የሚፈጀውን ጊዜ ይለካ ነበር። ከዚህም የማስተጋባት ጊዜ ከክፍሉ ይዘት ጋር በቀጥታ፣ ግድግዳው፣ ዕቃውና ሰዉ ድምፅ ከሚመጡበት ኃይል ጋር በተገላቢጦሽ እንደሚለዋወጥ የሚያሳየውን ቀመር አገኘ።

የቀመሩ ትርጉም ግልጽ ነበር። የላይፕሲግን አዳራሽ በሁሉም አቅጣጫ በእኩል ቢያሰፉት፣ የገጹ ስፋት በካሬ ሲያድግ ይዘቱ በኪዩብ ስለሚያድግ ድምፁ ከመጠን በላይ እያስተጋባ ይደበላለቃል። ስለዚህ የቦስተኑ አዳራሽ መልኩን ብቻ ወርሶ ልኩ በስሌት ተወሰነ፤ በ1900 ሲመረቅም የድምፅ ሳይንስ አስቀድሞ ያሰላው የመጀመሪያው የኮንሰርት አዳራሽ ለመሆን በቃ። በድምፅ ጥራት ዛሬም በዓለም ከሚመሰገኑት አንዱ ነው።

ይሁን እንጂ ታሪኩ የድል ብቻ አይደለም። በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ የጌቫንድሃውስ መሪ የነበረው ብሩኖ ቫልተር አይሁዳዊ በመሆኑ ኮንሰርቱን እንዳይመራ ተከለከለ። በ1936 በሕንፃው ፊት ለፊት የቆመው የሜንደልሶን ሐውልት በሌሊት ተነሥቶ ጠፋ። በዚያን ጊዜ ሕንፃው አንድም ድንጋይ አልጎደለበትም፤ የኮንሰርቱም ወራት በቀኑ ይከፈት ነበር። የፈረሰው ውሉ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በ1943 እና በ1944 በተደረገው የአየር ድብደባ ሕንፃውም ተቃጠለ።

ከጦርነቱ በኋላ ኦርኬስትራው በከተማዪቱ የእንስሳት ማቆያ አጠገብ በሚገኝ የስብሰባ አዳራሽ ወራቱን ቀጠለ። ሦስተኛው ጌቫንድሃውስ በጥቅምት 1981 እስኪመረቅ ድረስ 37 ዓመት ያህል የራሱ ቤት አልነበረውም፤ አድማጩ ግን አልተለየውም። በጥቅምት 9 ቀን 1989 በሺሕ የሚቆጠሩ ሰላማዊ ሰልፈኞች ላይፕሲግ አደባባይ ወጥተው ደም ይፈሳል ተብሎ በተፈራበት ምሽት፣ የኦርኬስትራው መሪ ኩርት ማዙር ከሌሎች አምስት ሰዎች ጋር ያወጣው የሰላም ጥሪ በድምፅ ማጉያ ተነበበ። ምሽቱም ያለ ደም አለፈ። ምክንያቱ ጥሪው ብቻ ነው ማለት ስሕተት ይሆናል። ሆኖም ሕዝቡ የሙዚቃ መሪን ቃል በእንዲህ ያለ ሰዓት መስማቱ፣ ከተማዪቱና ኦርኬስትራዋ ከ240 ዓመት በላይ ቃል እየተግባቡ የኖሩ መሆናቸውን ያስታውሰናል።

በአገራችን በ1963 ግብፅ የተወለደው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል-ዳብ ያቋቋመው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ማሲንቆን፣ ክራርን፣ በገናን፣ ዋሽንትንና ከበሮን በአንድ መድረክ አስማምቶ በ1975 እስኪበተን ድረስ ኖሯል። ድምፁ በቅጂ ቀርቶልናል፤ በየዓመቱ የሚከፈት ወራቱ ግን አልቀረልንም። ስለዚህ ወደ ፊት አንድ ከተማ ወይም አንድ ማኅበር የኮንሰርት አዳራሽ ንድፍ እንድንሠራለት ሲጠይቀን፣ የመሬቱን ስፋትና የወንበሩን ብዛት ከመጠየቃችን በፊት የሚመጣው ዓመት የኮንሰርት ወረቀት ወጥቶ እንደ ሆነ፣ ስንት ሰውም አስቀድሞ እንደ ተመዘገበ ብንጠይቅ መልካም ነው። ወረቀቷ ካለች ለጊዜው የትምህርት ቤት አዳራሽም ይበቃል። ወረቀቷ ከሌለች ግን ልኩን በጠበቀ ስሌት የሠራነው አዳራሽ የሚያስተጋባው የራሱን ባዶነት ነው።