የመልዕክት መለዋወጫ ሶፍትዌር አልገናኝ ሲል፣ አድራሻም ሲዛወር

በአንድ ወቅት የኢንተርኔት ካፌ ደንበኞች ከማይለዩዋቸው ፈጣን የመልዕክት መለዋወጫ ሶፍትዌሮች አብዛኞቹ ዛሬ የሉም። ኤምኤስኤን ሜሴንጀር ስሙ ተለውጦ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2013 በስካይፕ ተተካ። ያሁ ሜሴንጀር በ2018፣ አይሲኪው በ2024፣ ስካይፕ ራሱም በ2025 ተዘግተዋል። ሶፍትዌር በሌላ ይተካል፤ ለዓመታት የተጠራቀመ የወዳጅና የደንበኛ አድራሻ ግን በወቅቱ ካልተገለበጠ መመለሻ የለውም።

ሶፍትዌሩ አልገናኝ ሲል አጥፍቶ እንደገና ከመጫን በፊት ሦስት ነገሮችን ማየት ይጠቅማል።

የመጀመሪያው የኮምፒውተሩ ቀን ነው። ሶፍትዌሩ የሰርቨሩን ሰርተፊኬት ይመረምራል፤ ሰርተፊኬቱ ደግሞ የሚጸናበት ጊዜ የተወሰነ ነው። የማዘርቦርዱ ባትሪ አልቆ ቀኑ ወደ ኋላ ከተመለሰ፣ ወይም ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ከተሞላ፣ ሰርተፊኬቱ ገና እንዳልጸና ተቆጥሮ ግንኙነቱ ይቋረጣል።

ሁለተኛው ፖርት ነው። ለምሳሌ ፒጅን የተባለው ነፃ ሶፍትዌር የሚሠራበት ኤክስኤምፒፒ በተለምዶ የሚጠቀመው 5222 ቁጥር ፖርትን ነው። የቢሮው ፋየርዎል ይህን ከዘጋ ድረ ገጽ እየተከፈተ መልዕክት አይሄድም። መፍትሔው የኔትወርክ ባለሙያውን ማነጋገር ነው፤ በ443 የሚቀበሉ ሰርቨሮችም አሉ።

ሦስተኛው የሶፍትዌሩ ዕድሜ ነው። ቲኤልኤስ 1.2ን የማያውቅ አሮጌ ሶፍትዌር የይለፍ ቃሉ ትክክል ቢሆንም በብዙ ሰርቨሮች ዘንድ ተቀባይነት የለውም።

የአድራሻ ዝርዝርን በተመለከተ፣ ፒጅን ዝርዝሩን «ብሊስት» በሚል ስም በኤክስኤምኤል ፋይል ያስቀምጣል። ይህን ፋይል ወደ ፍላሽ መገልበጥ ቀላሉ መጠባበቂያ ነው። ዋትስአፕና ቴሌግራም የሚጠቀም ደግሞ የስልኩን አድራሻዎች ቪካርድ በተባለው ቅርጽ አውጥቶ ማስቀመጥ ይችላል።

ዝርዝሩን በኤክሴል የሚያስተካክሉ ከሁለት ጉዳቶች ይጠንቀቁ። ኤክሴል የስልክ ቁጥርን እንደ ተራ ቁጥር ስለሚያይ የፊተኛውን ዜሮ ይጥላል፤ ስለዚህ ዓምዱን አስቀድመው «ጽሑፍ» ያድርጉት፣ ቁጥሩንም ከነአገር መለያው ከ+251 ጀምረው ይጻፉ። ፋይሉን ሲያስቀምጡም ዩቲኤፍ 8ን ይምረጡ፤ አለበለዚያ በአማርኛ የተጻፉ ስሞች ወደ ጥያቄ ምልክትነት ይለወጣሉ።

ቅርጹ ተለወጠ ማለት ግን ሰዎቹ አብረው ተዛወሩ ማለት አይደለም። የያሁ አድራሻ በኤክስኤምፒፒ አይሠራም። በአዲስ የኤክስኤምፒፒ መለያም እያንዳንዱ ሰው ጥያቄዎን እንደገና መቀበል ይኖርበታል። ስለዚህ ከስሙ ጎን ስልኩንና ኢሜይሉን መዝግበው፣ ፋይሉን በዓመት ሁለት ጊዜ ከኮምፒውተርዎ ውጪ ያስቀምጡ። አገልግሎት ሰጪው ቢዘጋ የሚቀርልዎ በእጅዎ ያለው ብቻ ነው።