የአሰብ መንገድና የጋቢናው ቤት

ከእንጦጦ ግርጌ የሚወርደው ብርድ አጥንት በሚሰብርበት በሸጎሌ ተቀምጦ ስለ አሰብ ሐሩር መጻፍ እንግዳ ይመስል ይሆናል። ሆኖም የከተማችን ነዳጅና ሸቀጥ ለብዙ ዘመን የመጣው በዚያ ጎዳና ነው። የአሰብ ታሪክ ሲነሣ በ1862 ዓ.ም. ጁሴፔ ሳፔቶ ለሩባቲኖ ኩባንያ መሬት መግዛቱ፣ በ1874 ዓ.ም. የኢጣሊያ መንግሥት መረከቡ፣ በኋላም ፋሽስቶች እስከ ደሴ መንገድ መዘርጋታቸው ይተረካል። ሾፌሩና ረዳቱስ?

«ትሬንታ ኳትሮ» የሚባለው ፊያት 634 መኝታ ያለው ጋቢና ከተበጀላቸው ቀደምት የኢጣሊያ ካሚዮኖች አንዱ ነበር። መኝታ ያላገኘ ሾፌር ከተሳቢው ሥር ምንጣፉን ያነጥፋል። ሚሌን፣ ሰርዶን፣ ኤሊዳርንና ቡሬን አልፎ፣ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ከቀይ ባሕር ዳር ለሚደርስ ሰው ጋቢናው ማጀቱም እልፍኙም ነው። ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፦ የወራሪው ቋንቋ በሠርቶ አደሩ አፍ የሙያ ቋንቋ ሆነ። ይህን ድል የሚቆጥር የታሪክ መጽሐፍ እኔ አልገጠመኝም።

በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ወረራ የጅቡቲውን ሐዲድ በቆረጠ ጊዜ የአገሪቱ ሸክም በእነዚሁ ሰዎች ትከሻ ላይ ወደቀ። በ1990 ዓ.ም. ጦርነት መንገዱን ዘጋው። የዚያ ዘመን ሾፌሮች ዛሬ አርጅተዋል፤ ቃላቸው ሳይመዘገብ አብሯቸው አፈር እንዳይገባ እሰጋለሁ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የቡሬ ኬላ ተከፍቶ ነበር፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሶ ተዘጋ።