ማደንዘዣና ሰመመን

አክስቴ የሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን ቀጠሮ ሲያዝላት ስለ ቢላው አንድም ነገር አልጠየቀችም። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ባለው ቤቷ በረንዳ ላይ፣ አመሻሹ ላይ ነፋስ ሲመጣ፣ ደጋግማ የምታነሳው ሌላ ነበር፦ «ማደንዘዣው በዚያው አደንዝዞ ቢያስቀረኝስ?» ለምርመራ በሄደች ጊዜ ደግሞ ባለሙያው «ሙሉ ሰመመን ነው የምንሰጥሽ» አላት። ይሄኔ ባሰባት። እሷ በምታውቀው አማርኛ ሰመመን ከእንቅልፍና ከንቃት መሀል ነው፤ ሰው ይሰማል፣ መልስ ግን አይሰጥም። «እየሰማሁ ሊቀዱኝ ነው እንዴ!» ብላ ተመለሰች።

ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ፍርሃቱን የዘሩት ሁለቱ ቃላት ናቸው። ብዙ ተቀምጠንበት የማይሰማን እግር «ደነዘዘ» እንላለን፤ ነገር ቶሎ የማይገባውንም ሰው «ደንዛዛ» እንላለን። ስለዚህ «ማደንዘዣ» የሚለውን የሰማ ሰው መርፌው አእምሮውን የሚነካበት ቢመስለው ምን ይደንቃል?

ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ቃል አኔስቴዥያ ነው። ምንጩ ግሪክኛ ሲሆን «ያለ ስሜት» እንደማለት ነው። የጥርስ ሐኪሙ ዊልያም ሞርተን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 16 ቀን 1846 ቦስተን በሚገኘው የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል፣ በሐኪሞች ፊት፣ በኤተር ትነት በሽተኛ አስተኝቶ ቀዶ ጥገና ማድረግ እንደሚቻል ካሳየ በኋላ፣ ሐኪምና ገጣሚ የነበረው ኦሊቨር ዌንዴል ሆልምስ ሁኔታው ይህን ስም እንዲይዝ በደብዳቤ ሐሳብ አቀረበለት። ድሬዳዋ ልትቆረቆር ገና 56 ዓመት ቀርቷት ነበር። ግሪክኛውን ቃል በቃል «ስሜት አልባነት» ብንለው አያስኬድም፤ በእኛ ቋንቋ ስሜት የሌለው ሰው ጨካኝ ነው። ለዚህ ነው ሁለቱም የአማርኛ ቃላት የሚያስፈልጉን፣ ግን ለየቅል። ከአካል አንዱ ክፍል ብቻ ሕመም እንዳይሰማው ሲደረግ (ጥርስ ሲነቀል፣ ቁስል ሲሰፋ፣ ከወገብ በታች) ማደንዘዣ እንበል። ሰውየው ራሱን የማያውቅ ሲሆን ደግሞ ሰመመን፤ እንዲያውም «ሙሉ ሰመመን»። ሥራውን የሚሠራውም የሰመመን ባለሙያ ይባላል።

ይሁንና ሙሉ ሰመመን አክስቴ የምታውቀው ሰመመን አይደለም፤ እንቅልፍም አይደለም። የተኛን ሰው ብትቆነጥጠው ይነቃል። በሙሉ ሰመመን ያለ ሰው አይሰማም፣ አያስታውስም፣ አያመውም፤ ብዙ ጊዜም ጡንቻዎቹ ስለሚላሉ የሚተነፍሰው በጉሮሮው በገባ ቱቦ አማካይነት ነው። ሲነቃ ጉሮሮውን አንድ ሁለት ቀን የሚከረክረው ከዚህ የተነሳ ነው። መድኃኒቱም አንዴ ተወግቶ «ይብቃው አይብቃው» የሚባልበት አይደለም። በደም ሥርና በትንፋሽ እየተመጠነ እስከ መጨረሻው ይሰጣል፤ ባለሙያው ከራስጌ ሳይለይ ትንፋሹን፣ ልቡን፣ የደም ግፊቱን ይጠብቃል። ቀዶ ጥገናው ሲያልቅ ይቆማል፣ ሰውየውም ይነቃል። በመካከል የመንቃት ነገር በዓለም ላይ አልተከሰተም አልልም፤ እጅግ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነው። መፍዘዝን በተመለከተ ደግሞ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ለጥቂት ቀናት ነገር ሊምታታባቸው ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል። ቤተሰብ ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ አይደነግጥም።

«ምስጢሬን ብለፈልፍስ?» የሚሉም አሉ። ኬታሚን የሚባለው፣ በአገራችን በብዛት የሚሠራበት መድኃኒት፣ ሲነቁ እንግዳ ሕልም ያሳያል፣ ያስቃዣልም። የሚወጣው ግን የተቆራረጠ ንግግር ነው እንጂ ኑዛዜ አይደለም።

ከሁሉ በላይ ልብ እንዲባልልኝ የምፈልገው ሆድን ባዶ የማድረጉን ነገር ነው። ነቅተን ሳለን ከሆድ የተመለሰ ነገር ወደ ሳንባ እንዳይገባ ጉሮሯችን ራሱ ይዘጋል፤ ትን ሲለን የሚያስለን ይኸው ጠባቂ ነው። ሰመመን ይህን ጠባቂ ያስተኛዋል። ሆድ ውስጥ ምግብ ካለ ሳንባ ውስጥ ሊገባ ይችላል፣ ይህም ሊገድል ይችላል። የተለመደው ልክ ቅባት ለበዛበት ምግብ 8 ሰዓት፣ ለቀላል ምግብና ለወተት 6፣ ለእናት ጡት ወተት 4፣ ለንጹሕ ውኃና ወተት ለሌለው ሻይ 2 ሰዓት ነው። እዚህ ላይ ድሬ የራሷ ጉዳይ አላት። ጠዋት የሚጠጣው ሆጃ ወተት ስላለበት «ትንሽ ሆጃ ብቻ ነው የቀመስኩት» ማለት በልቻለሁ ማለት ነው። ሳምቡሳና ባገያ በዘይት የተጠበሱ ናቸውና ሰዓታቸው 8 ነው። በእኛ ሙቀት ውኃ ተከልክሎ መዋል ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ስለዚህ እስከ ስንት ሰዓት ውኃ መጠጣት እንደሚቻል መጠየቅ ይገባል፤ ዝም ብሎ በጥም መንደድ አያስፈልግም።

ጫትስ? ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ጨጓራም ምግቡን ቶሎ እንዳያሳልፍ ያደርጋል። ሰመመን የሚሰጥ ሰው ይህን ሳያውቅ ከገባ የሚያየው ቁጥር ያሳስተዋል። ከትናንት በስቲያ በርጫ ላይ የነበረ ሰው መቼና ምን ያህል እንደቃመ መናገር አለበት፤ ባለሙያው የሚጠይቀው ሊፈርድበት አይደለም። ሲጋራ፣ የባህል መድኃኒት፣ የሚወዛወዝ ጥርስ፣ በቅርብ የያዘ ጉንፋን፣ «አንዴ መርፌ ተወግቼ ሰውነቴ አበጠ» የሚል ትዝታ፣ ሁሉም እንደዚሁ ይነገራል።

ሌላም አለ፦ ሂና። ጣት ላይ የምትቆነጥጠው ትንሿ መሣሪያ በጥፍር ውስጥ ብርሃን አሳልፋ የደም ኦክስጅንን ትለካለች። ጥቁር ሂናና የጥፍር ቀለም ብርሃኑን ሊጋርዱባት ይችላሉ። ቀዶ ጥገና ያላት ሙሽራ ቢያንስ አንድ ጣቷን ሳትቀባ ብታስቀር መልካም ነው፤ ካለበለዚያ የጆሮ ጫፍ ይፈለጋል።

ለወላዶች የሚሰጠው የጀርባ ማደንዘዣ «ሽባ ያደርጋል» የሚል ወሬ በየሰፈሩ አለ። መርፌው የሚገባው ሕብለ ሰረሰር ካበቃበት በታች ስለሆነ እሱን እንዳይነካ ተደርጎ ነው የሚወጋው። እግር ለጥቂት ሰዓታት አይታዘዝም፣ ከዚያ ይመለሳል። አንዳንድ ሴቶች ቀና ሲሉ የሚብስ፣ ሲተኙ የሚቀል ራስ ምታት ያገኛቸዋል፤ ይታከማል፣ ግን ችሎ መቀመጥ ሳይሆን መንገር ነው።

የቀዶ ጥገናው ክፍል ውስጥ ደጋግመው ስም ሲጠይቁ «ካርዱ ላይ አለ አይደል!» ብሎ መቆጣትም አያስፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ባለ 19 ነጥብ የቀዶ ጥገና ማረጋገጫ ሰመመን ከመሰጠቱ በፊት ስም፣ የሚቀደደው ቦታና አለርጂ በቃል እንዲጠየቁ ያዛል። አስቀድሞ መጠየቅ ደግሞ የታካሚም መብት ነው። ድሬ ላይ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ማለት ነውር አይደለምና ጥያቄ ለማንሳት ከሌላው አገር ሰው ይልቅ ለእኛ ይቀልለናል።

አክስቴም በሁለተኛው ቀጠሮዋ ጠየቀች። «አንተ ልጄ፣ እሰማለሁ ወይ?» አለችው። አስረዳት። ቀጥሎ ተራው የእሱ ሆነና «ጫት ትቅሚያለሽ?» አላት። ዞር ብላ እኛን፣ ያሳደገቻቸውን ልጆች፣ አየችን። «ውጡ» አለች። ወጣን። ስትጠራን ካርዷ ላይ አንድ መስመር ተጨምሮ ነበር፤ ምን እንደተጻፈበት አልጠየቅናትም።